ኤክሴል ማክሮ፦ ዳታ ያለበትን የመጨረሻ ረድፍ በትክክል እንዴት ላግኝ?

ሰላም፣ ዳታ ያላቸውን ረድፎች ብቻ በቪቢኤ (የኤክሴል ማክሮ መጻፊያ ቋንቋ) ወደ ሌላ ሺት መቅዳት ፈልጌ መጨረሻቸውን ማግኘት አቅቶኛል። ሠንጠረዡ ከኤ እስከ ኤፍ ነው። ኤፍ ላይ ያለው ፎርሙላ እስከ 5000ኛው ረድፍ ተሞልቷል፤ ዳታ ከሌለ ባዶ ጽሑፍ ይመልሳል። እውነተኛው ዳታ 1240 ላይ ያበቃል። ኤ ዓምድ ደግሞ መሃል መሃሉ ባዶ ስለሆነ፣ መጨረሻውም ላይ አይታመንም።

በኤንድ ኤክስኤልአፕ (ከታች ተነስቶ ባዶ ያልሆነ ሴል ላይ የሚቆም ትእዛዝ) ኤፍን ከታች ወደ ላይ ስፈልግ 5000 ይለኛል፤ ለዓይን ባዶ ቢመስልም ፎርሙላ ያለበትን ሴል ባዶ ብሎ አይቆጥርም። ዩዝድሬንጅማ (ጥቅም ላይ የዋለውን የሺቱን ክልል የሚሰጠው) ጭራሽ፣ ቀለም ብቻ የተቀባውንም ይጨምራል።

ፋይንድን (የመፈለጊያ ትእዛዙን) በኮከብ ምልክት (ማንኛውም ጽሑፍ ማለት ነው)፣ በኤክስኤልቫልዩስ (የሴሉን ውጤት የሚያይ)፣ ከኋላ ወደ ፊት ሳስፈልገው 1240ን ያገኛል። ችግሩ የመጨረሻዎቹ ረድፎች በእጅ ተደብቀው ከሆነ ይዘላቸዋል። በኤክስኤልፎርሙላስ (ፎርሙላውን ራሱን የሚያይ) ስቀይረው የተደበቁትን ያያል፣ ግን ተመልሶ 5000።

የቀረኝ ሬንጁን ወደ አሬይ (ማህደረ ትውስታ ውስጥ ያለ ዝርዝር) ጭኖ ከታች ወደ ላይ እየሄዱ ሌን (የጽሑፉ ርዝመት) ከዜሮ የሚበልጥበት ላይ ማቆም ነው (ስህተት ያለበት ሴል ኮድ 13 ታይፕ ሚስማች (የዳታ ዓይነት አለመጣጣም) ስለሚያወጣ ኢዝኤረር (ስህተት መሆኑን የሚፈትሽ) መቅደም አለበት)። የተደበቁትን ሳይገልጡ፣ ያለ ሉፕ (ረድፍ በረድፍ ሳይደጋገም) የሚሠራ መንገድ የምታውቁ ካላችሁ ኮዱን ብትጽፉልኝ?