ለሊኑክስ ላፕቶፕ የትኛው ሞደም ይሻላል?

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ ላይ ያለው በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ የሚባለው ሊኑክስ ነው። የምሠራው አራት ኪሎ አካባቢ ሲሆን የቤት መስመር የለኝም። ዩኤስቢ ሞደም ልገዛ ስል ሻጮቹ ሁሉ «የሚሠራው በዊንዶውስ ብቻ ነው» ይሉኛል። ምን ልግዛ? የትስ ልሂድ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሻጮቹ የነገሩህ ግማሹን ነው። ዊንዶውስ የሚፈልገው በሞደሙ ውስጥ የተቀመጠው ፕሮግራም እንጂ ሞደሙ አይደለም። ሞደሙ ሲሰካ መጀመሪያ ራሱን ሲዲ አስመስሎ ይቀርባል። ሊኑክስ ላይ ይህን ጭምብል የሚያወልቀው «ዩኤስቢ ሞድስዊች» የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ኡቡንቱ ላይ አብሮ ይመጣል። ደቢያን የሚባለውን ሌላ ሊኑክስ አሳንሶ የጫነ ሰው ግን ለብቻው መጫን አለበት። ለመጫን ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል! ያን ጊዜ ስልክህን በገመድ አገናኝተህ አውርደው።

ለምርጫው፣ ሁዋዌ ኢ173 ርካሽ ነው፤ ነገር ግን 3ጂ ብቻ ሲሆን ፍጥነቱ ቢበዛ 7.2 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። ለኢሜይል ይበቃል፣ ለቪዲዮ ስብሰባ አይሆንም። የእኔ ምርጫ 4ጂ የሆነው ኢ3372 ነው። ስትገዛ ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለውን ፊደል አንብብ። «ኤች» ከሆነ ሊኑክስ እንደ ኔትወርክ ገመድ ያየዋል፤ በብሮውዘር 192.168.8.1 ብለህ ታስተካክለዋለህ። «ኤስ» ከሆነ ኔትወርክ ማኔጀር (የሊኑክስ የኢንተርኔት ማስተካከያ) ውስጥ ሞባይል ብሮድባንድ የሚለውን መርጠህ አገርህንና ኩባንያህን ትሞላለህ። ሁለቱም ይሠራሉ፤ ጣጣው የሚያንሰው «ኤች» ነው።

ፒያሳ ከለመድናቸው ሱቆች ብዙዎቹ ከ2016ቱ ፈረሳ በኋላ ተበትነዋል። እኔ አሁን የምሄደው ቦሌ መንገድ፣ ደምበል ወይም ጌቱ ሕንፃ ነው። ዋጋው ከመርካቶ ሊወደድ ይችላል፤ ግን ቆመህ ለመሞከር ይመቻል። ላፕቶፕህንና ሲምህን ሳትይዝ እንዳትሄድ። አንድ ጊዜ ስታዲየም አካባቢ ከመንገድ ላይ ጠረጴዛ ያገለገለ ሞደም ገዝቼ ቤት ስደርስ፣ ለካ በውጭ አገር ኩባንያ ሲም የተቆለፈ ኖሯል። ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። «ኢቪዲኦ» የሚል ያረጀ ሞደም ካየህማ እለፈው፤ ሲዲኤምኤ የሚባለው የድሮ ኔትወርክ ዘመን ዕቃ ነው፣ የዛሬው ሲምህ አይረዳውም።

ሲሙን በተመለከተ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሳፋሪኮም ስላለ ምርጫው ሁለት ሆኗል። የትኛው ይሻላል ብለህ አትጠይቀኝ፤ ከምትሠራበት ወንበር ላይ ሆነህ ሁለቱንም በስልክህ ለካ። አንዱ መስኮት አጠገብ እያፈተለከ ጓዳ ሲገባ ሊያነክስ ይችላል። ጥቅል ለመግዛት ሲሙን ለአፍታ ስልክ ውስጥ ማስገባት ከሁሉም ይቀልላል።

ሌላ አስተያየት፦ እኔ በሞደም ገንዘብ ማውጣት አልደግፍም። ስልክን በዩኤስቢ ገመድ ማገናኘት ምንም አያስጭንም፤ እየሠሩም ባትሪው ይሞላል።

መልስ፦ ለአልፎ አልፎ እውነትህን ነው። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሰው ግን ስልኩ ይግላል፤ ይዞት ብድግ ባለ ቁጥር ኢንተርኔቱም አብሮት ይሄዳል።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ትናንት ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩ። የመጀመሪያው ሞደም እንደ ሲዲ ታይቶ እዚያው ቀረ፤ ሁለተኛው፣ ባለ «ኤች»ው፣ ደቂቃ ሳይሞላ ገጽ ከፈተ። ሻጩ ስክሪኑን ጎንበስ ብሎ አየና «ይህ ዊንዶውስ ስንት ነው?» አለኝ።