የሆርን ቫልቭ መጋጠሚያዎች ይንኳኳሉ፤ የትኛው ዘይት ይስማማቸዋል?

ሦስተኛ ሆርን፦
ሰላም ለሁላችሁም። የምነፋው ድርብ ሆርን (ሁለት የቱቦ ስብስብ ያለው የናስ የትንፋሽ መሣሪያ) ነው። ቫልቮቹ (አየሩ የሚሄድበትን ቱቦ የሚቀይሩት ክፍሎች) ተሽከርካሪ፣ ማለትም በመዞር የሚሠሩ ናቸው፤ ከማንሻዎቹ ጋር የሚገናኙትም በክር ሳይሆን በብረት ዘንግና በኳስ መጋጠሚያ ነው። ሁለተኛውን ቫልቭ ፈጠን አድርጌ ስነካው ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ዜማው ለስለስ በሚልበት ቦታ ላይ ደግሞ በደንብ ይሰማል። ለትራምፔት ፒስተን (ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ ቫልቭ) የሚሆን ቀጭን ዘይት በእጄ አለ። እሱን መጋጠሚያዎቹ ላይ ባደርግ ይበቃል ወይስ ግራሶ ይሻላል?

መሣሪያ አዳሽ፦
እባክዎን ሁለቱንም ይተዉአቸው። የፒስተን ዘይት የተዘጋጀው እጅግ ተቀራርበው ለሚንሸራተቱ ግድግዳዎች ነው። የኳስ መጋጠሚያ ክፍተቱ ሰፋ ስለሚል ዘይቱ ወዲያው ሾልኮ ይወጣል፤ ብረቱም ከብረት ጋር መጋጨቱን ይቀጥላል። ግራሶ ደግሞ አቧራ ይይዛል፣ ማንሻውንም ያከብደዋል።

ተሽከርካሪ ቫልቭ ውፍረታቸው የተለያየ ሦስት ዘይቶች ይፈልጋል፦ ውስጥ ለሚዞረው አካል ቀጭን፣ የዚያ አካል የመሃል ዘንግ ጫፎች ለሚያርፉበት መቀመጫ መካከለኛ፣ ለመጋጠሚያዎቹ ወፍራም። ቀጭኑን ተስቦ በሚወጣው ተንሸራታች ቱቦ በኩል ሲጨምሩ ጠብታው ግድግዳውን እንዳይነካ ይጠንቀቁ፤ ከነካ የቱቦውን ቅባት ይዞ ወደ ቫልቩ ይወርዳል፣ ቫልቩም ይንቀረፈፋል። መካከለኛው ሁለት ቦታ ይገባል። አንዱ በብሎን የሚከፈተው ክዳን ሥር ያለው የዘንጉ ጫፍ ነው፤ ሌላው በተቃራኒው ወገን፣ ማቆሚያው ክንድ (የቫልቩን መዞር የሚገድበው ቁራጭ) ሥር ዘንጉ ብቅ የሚልበት ቦታ ነው። ይህን ሁለተኛውን አብዛኛው ሰው ይዘለዋል፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይህ ነው። ቫልቩን ተሸክመው ከግድግዳው ጋር እንዳይፋተግ የሚያደርጉት እነዚህ ሁለት መቀመጫዎች ናቸው። በደረቁ ሲዞር የሰፋን መቀመጫ ዘይት መልሶ አያጠብበውም፤ ሥራው ወደ ጥገና ቤት ይሄዳል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። ዘይት ከማፍሰስዎ በፊት ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ይለዩ። በአንድ እጅዎ ማንሻውን በፍጥነት እየተጫኑ፣ በሌላው እጅዎ ጣት እያንዳንዱን መጋጠሚያ በየተራ ቀስ ብለው ይንኩ። ሲነኩት ድምፁ የጠፋበት እርሱ ነው። እዚያ ላይ በመርፌ አፍ ጠርሙስ አንድ ጠብታ ወፍራም ዘይት ያድርጉ፤ ማንሻውን ደጋግመው ያንቀሳቅሱና የተረፈውን በጨርቅ ይጥረጉ።

ቱባ ነፊ፦
በተባለው ሁሉ እስማማለሁ፤ ቡሹ ግን እንዳይረሳ። ማቆሚያው ክንድ የሚያርፍበት ቡሽ ወይም ጎማ ሲያልቅ ወይም ሲደርቅ ተመሳሳይ ድምፅ ይሰጣል፤ ያንን የትኛውም ዘይት አያስተካክለውም። ሲቀየር ክዳኑን ከፍቶ በዘንጉ ጫፍና በመቀመጫው ላይ ያሉትን ምልክቶች ማየት ያስፈልጋል። ማንሻው ሲለቀቅም ሲጫንም መገጣጠም አለባቸው፤ ካልተገጣጠሙ የቫልቩ ቀዳዳ ከቱቦው ጋር ስለማይገናኝ ድምፁ ይታፈናል። በነገራችን ላይ፣ በክር የሚሠራ ቫልቭ ላላችሁ፦ ክሩ ዘይት አያስፈልገውም።

ሦስተኛ ሆርን፦
አመሰግናለሁ። በጣት ስፈትሽ ድምፁ የጠፋው ከማንሻው ጋር የሚያያዘው ኳስ ላይ ነው፤ ቡሹ ገና ለስላሳ ነው። ወፍራሙን ዘይት ሳደርግ ዝም አለ፤ በማግስቱ ግን ትንሽ ትንሽ ተመለሰ።

መሣሪያ አዳሽ፦
እንግዲያውስ ኳሱ ወይም ማቀፊያው አልቋል ማለት ነው። ማንሻውን አጥብቀው ይዘው ከቫልቩ ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ በጣትዎ ወዲያና ወዲህ ያወዛውዙት፤ ክፍተቱ ራሱ ይሰማዎታል። አንዳንድ መጋጠሚያዎች ማጥበቂያ ብሎን አላቸው፤ የእርስዎ ካለው በጥቂቱ ብቻ ያዙሩት፤ ማንሻው በራሱ ኃይል መመለሱን ካቆመ መልሰው ያላሉት። ብሎን ከሌለው መጋጠሚያውን ብቻ ማስቀየር ይቻላል፤ ቫልቩን መንካት አያስፈልግም። እስከዚያው ወፍራሙን ዘይት ሲያልቅ እየጨመሩ ይንፉበት፤ መሣሪያውን አይጎዳውም።