ረቂቅ 3፦ የንግድ ስምምነቶች በሕዝብ ጤና ላይ ያላቸው ተፅእኖ

ሰብሳቢ፦ የማኅበራችን የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ረቂቅ 3 ተያይዟል። ማስገቢያው ዓርብ ነው። ዓላማው ያው ነው፤ ስምምነት ከመፈረሙ በፊት ጤና ላይ ምን ይዞ እንደሚመጣ መገምገሚያ ማዘጋጀት። መድኃኒት፣ ትምባሆ፣ ምግብ። የባለፈው ዓመቱ እንዳይደገም።

ገንዘብ ያዥ፦ ይሄኛውም ከወደቀ የሚቀረን መዋጮ ብቻ ነው። እሱንም የሚከፍለው ግማሻችን ነው።

ፋርማሲስቱ፦ የመድኃኒቱን አራት ገጽ አስገብቻለሁ። ትሪፕስ፣ የዓለም ንግድ ድርጅት የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት፣ ከ1995 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ለፓተንት፣ ማለትም ለፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ቢያንስ 20 ዓመት ይሰጣል። በ2001 በድርጅቱ የዶሃ ጉባኤ ላይ አገሮች ለሕዝብ ጤና ሲሉ አስገዳጅ ፈቃድ (ያለ ፓተንቱ ባለቤት ይሁንታ ሌላ እንዲያመርት መፍቀድ) መስጠት እንደሚችሉ ተረጋገጠ። ከዚያ በኋላ ግን የሁለትዮሽ ስምምነቶች በጓሮ በር መጡ። የሙከራ መረጃ ጥበቃ የምትለዋን አንቀጽ እዩ፤ የመጀመሪያው አምራች ባቀረበው የሙከራ ውጤት ተመርኩዞ ሌላው እንዳይመዘገብ ለዓመታት ትከለክላለች። ፓተንት በሌለበት እንኳ ርካሹን መድኃኒት ምዝገባ ላይ ታስቆመዋለች። ገምጋሚ መጀመሪያ መፈለግ ያለበት እሷን ነው።

አንጋፋው አባል፦ ርዕሱ ላይ ስህተት አለ። «ተጽዕኖ» በጸሎቱ ጸ፣ በዓይኑ ዕ ነው የሚጻፈው። ግሡ ጸዐነ ነው፣ ጫነ ማለት።

የትምባሆ ክፍል፦ የእኔን ዛሬ ማታ እልካለሁ።

የሥነ ምግብ ባለሙያዋ፦ ጋሼ፣ ጋዜጣውም መጽሔቱም በፀሐዩ ፀ ነው የሚጽፈው። ደግሞ ማን ያስተውለዋል?

አንጋፋው አባል፦ ጋዜጣ ሲሳሳት እኛም እንሳሳት ነው የምትዪኝ?

ገንዘብ ያዥ፦ «ጫና» እንበለውና እንገላገል። ፊደሉም አያጣላም።

የሕግ ባለሙያዋ፦ አይሆንም። ጫና ካልን ገና ሳንገመግም ፈርደናል። ንግድ ለጤና የሚጠቅምበትም አለ። የመድኃኒት ቀረጥ ሲነሳ ዋጋው ሊቀንስ ይችላል።

አንጋፋው አባል፦ ተጽዕኖም ከጫነ ነው የመጣው እያልኩሽ!

ፋርማሲስቱ፦ አራት ገጽ ጽፌ ያገኘሁት መልስ ስለ ፊደል ነው። መድኃኒት ያጣ በሽተኛ በየትኛው ጸ እንደተጻፈ አይጠይቅም።

አንጋፋው አባል፦ ፊደል የናቀ ሰው የጻፈውን አንቀጽ ማን ያምነዋል? እናንተ ሳትወለዱ ጀምሮ የዚህን ማኅበር ቃለ ጉባኤ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ፋርማሲስቱ፦ እሱማ ከረቂቁ ያስታውቃል።

ሰብሳቢ፦ ይብቃ። ሁለታችሁም።

የሥነ ምግብ ባለሙያዋ፦ የእኔ ክፍል አጭር ነው። ሳሞአ በ2007 ተርኪ የሚባለው ትልቅ ወፍ ጭራ እንዳይገባ ከለከለች። አብዛኛው ስብ ነው፣ ሕዝቡ ደግሞ በውፍረትና በስኳር በሽታ ተቸግሯል። በ2012 የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ክልከላውን ማንሳት ግድ ሆነባት። ግምገማ ከፊርማ በፊት ይሁን የምንለው ለዚህ ነው። ከፈረሙ በኋላማ ምን ይደረጋል?

ገንዘብ ያዥ፦ የትምባሆው የት ደረሰ?

የሕግ ባለሙያዋ፦ ጠፍቷል። ሁለት ጊዜ ደወልኩ፣ አያነሳም። በነገራችን ላይ ዝርዝሩ ላይ ያለው የኡራጓይ ጉዳይ የንግድ ስምምነት አይደለም። የሲጋራ ኩባንያው ፊሊፕ ሞሪስ በትምባሆ ቁጥጥር ሕጓ የከሰሳት በኢንቨስትመንት ስምምነት ነው። በ2016 ኡራጓይ ብታሸንፍም ክሱ ስድስት ዓመት ፈጅቷል። ይውጣ ወይስ ይግባ?

ፋርማሲስቱ፦ ይግባ እንጂ! ዋናው እኮ ፍርሃቱ ነው። ኒውዚላንድ ምልክት አልባ የሲጋራ ፓኮ ለመደንገግ፣ አውስትራሊያ በዚሁ ሕግ የተከሰሰችበትን ክስ ውጤት ስትጠብቅ ዓመታት አለፉ። ያንን መዘግየት የሚለካ ዘዴ ካልሠራን ምኑን ገመገምነው?

ገንዘብ ያዥ፦ ርዕሱ «ንግድ» ይላል። ከርዕስ ውጭ ለሆነ ገንዘብ አይሰጡንም።

አንጋፋው አባል፦ አያችሁ? ከቃል አትወጡም። ጋት የሚባለው የዓለም የንግድ ስምምነት ለጤና ሲባል ንግድን መገደብ በሚፈቅደው አንቀጽ 20(ለ) ላይ «አስፈላጊ» የምትል አንዲት ቃል አለች። ስንት ክርክር በእሷ ተሸንፏል!

የሕግ ባለሙያዋ፦ እዚህ ላይ ጋሼ ልክ ናቸው። ታይላንድ የውጭ ሲጋራን በማገዷ ተከሳ በ1990 «አስፈላጊ አይደለም፣ ሌላ መንገድ አለ» ተባለች። ፈረንሳይ አስቤስቶስን (ሳንባን የሚጎዳ የግንባታ ማዕድን ነው) በማገዷ ግን ካናዳ ከሳ በ2001 አልተሳካላትም። ቃሏ ያችው ናት። ስለዚህ ቃላቱን ትርጉም ሰጥተን ብናስቀምጥስ? አባሪ ይሆናል።

የሥነ ምግብ ባለሙያዋ፦ አባሪ ከሆነ እስማማለሁ። አስገዳጅ ፈቃድ፣ ትይዩ ገቢ ንግድ፣ ሌላም ሌላም። እኔ ራሴ ግማሹን አላውቀውም።

አንጋፋው አባል፦ የቃላት መፍቻውን እኔ እይዘዋለሁ። እስካሁን 40 ቃል ጽፌያለሁ።

ፋርማሲስቱ፦ ጋሼ፣ ቅድም ተናድጄ ነው። የመድኃኒቱን ቃላት እልክልዎታለሁ።

አንጋፋው አባል፦ ላክ። ፊደሉን እኔ አያለሁ።

ሰብሳቢ፦ ረቂቅ 4 ተያይዟል። መፍቻው 12 ገጽ ስለሆነ ወደ ፊት መጥቷል። መገምገሚያው «ሁለተኛ ምዕራፍ» ተብሎ ወደ ኋላ ሄዷል፤ በሦስት ቀን አይደርስም። ርዕሱ «የንግድና የጤና ቃላት መፍቻ» ሆኗል። ተጽዕኖ የሚለው ወጥቷል፣ ከእንግዲህ አንጣላም።

ፋርማሲስቱ፦ ቆይ፣ የእኔ አራት ገጽስ?

ሰብሳቢ፦ አባሪ 2።

ገንዘብ ያዥ፦ በጀቱን ከመስክ ሥራ ወደ አርትዖትና ኅትመት አዛውሬዋለሁ። የትምባሆውን የሚያውቅ ሰው ካለ እስከ ነገ ማታ ይንገረኝ፤ ካልሆነ መስመሩን እሰርዘዋለሁ።