ፑሽ ስታርት መኪናዬ «ቀጭ» ብላ ቀረች፤ ከየት ልጀምር?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ ፑሽ ስታርት ናት፣ ቁልፍ በማዞር ሳይሆን በተን በመጫን የምትነሳ፤ አውቶማቲክ፣ ቤንዚን። ትናንት ማታ በሰላም አቁሜያት ገባሁ። ዛሬ ጠዋት በሩ በሪሞት ተከፈተ። ፍሬን ረግጬ በተኑን ስጫን ዳሽቦርዱ በራ፣ ሬዲዮውም ሠራ። ሞተሩ ግን አንድ ጊዜ «ቀጭ» ብሎ ዝም። የሪሞቱን ባትሪ ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ማርሹ ፒ ላይ ነው። ፍሬን ብረግጥም ባልረግጥም ያው «ቀጭ» ብቻ ነው። መብራቱ ስለሚበራ የመኪናው ባትሪ ደህና ይመስለኛል። አስጎትቼ ጋራዥ ከመውሰዴ በፊት እኔው ልሞክረው የምችለው ነገር ካለ ንገሩኝ።

ሹፌሩ፦
ወንድሜ፣ ባትሪ ነው። አትድከም።

ጠያቂዋ፦
እህትህ ነኝ። መብራቱ እየበራ እንዴት ባትሪ ይሆናል?

ሹፌሩ፦
ይቅርታ እህቴ። ሬዲዮና የዳሽቦርድ መብራት የሚፈልጉት ጥቂት አምፔር ነው። ሞተሪኖ ግን ሞተሩን ለማዞር በአንዴ ከ100 አምፔር በላይ ይስባል። ስለዚህ ለመብራት የሚበቃ ባትሪ ለሞተሪኖ ላይበቃ ይችላል። የውስጡን መብራት አብሪና በተኑን ስትጫኚ ተመልከቺው። ፍዝዝ ካለ ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ የባትሪው ራስ ላይ ያለው ማሰሪያ ላልቷል ወይም ዝጓል። መብራቱ ሳይፈዝ «ቀጭ» ካለ ግን ሞተሪኖውን ጠርጥሪ። ቴስተር ካገኘሽ ደግሞ የተሻለ ነው። ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ነው በይው።

ጀማሪ ነጂ፦
እኔ ግን አሁንም ሪሞቱ ነው እላለሁ። እኔም አልነሳ ብላኝ ሪሞቱን በተኑ ላይ ለጥፌ ነው ያስነሳኋት።

ጠጋኙ፦
ያንተ ጉዳይ ሌላ ነው። የሪሞት ባትሪ ሲያልቅ መኪናው ቁልፉን አያውቀውም፤ «ቁልፍ የለም» ይልሃል እንጂ «ቀጭ» አይልም። ሪሞቱ ውስጥ ያለችው ትንሽ ቺፕ የራሷ ባትሪ አያስፈልጋትም። በተኑ አጠገብ ስትሆን ኃይል ከመኪናው ታገኛለች። ለጥፈህ ያስነሳሃት ለዚህ ነው። ቶዮታ ላይ ለምሳሌ አርማው ያለበትን ፊት ነው በተኑ ላይ የምታስነካው። የእሷ መኪና ግን ዳሽቦርዱም በርቷል፣ ሞተሪኖው ድረስም ትእዛዝ ደርሷል። ቁልፉን አውቃዋለች ማለት ነው።

ባለ ጋራዡ፦
ሁላችሁም አንድ ነገር አልፋችኋል። «ፍሬን ብረግጥም ባልረግጥም ያው» ብላለች እኮ። ፍሬን ሳይረገጥ በተኑ ሲጫኑት መጀመሪያ ሬዲዮ ብቻ፣ ቀጥሎ ዳሽቦርድ ነው መብራት ያለበት። ሞተሪኖውን ጨርሶ መንካት የለበትም። እዚህ ግን መኪናዋ ፍሬን እንደተረገጠ ታስባለች። እህቴ፣ በተኑን አጥፊና ውጪ። ፔዳሉን ማንም ሳይነካ ኋላ ያሉትን የፍሬን መብራቶች እያቸው።

ጠያቂዋ፦
በርተዋል! ፈዘዝ ብለዋል እንጂ ሦስቱም በርተዋል። ቴስተርም ከጎረቤት ተውሼ ለካሁ፤ 11.3 ነው። ሌላ ደግሞ፣ ከፔዳሉ ሥር ምንጣፉ ላይ የተሰባበረ ፕላስቲክ ነገር አገኘሁ።

ባለ ጋራዡ፦
በቃ ተገኘ። ፕላስቲኩን አትጣይው። ከፍሬን ፔዳሉ ክንድ በላይ የፍሬን መብራት ማብሪያ አለ፤ ጫፉ ላይ ተጫኝ ዘንግ ያለው። ፔዳሉ ላይ ደግሞ ይህን ዘንግ የሚገፋ ሳንቲም የሚያክል ላስቲክ ወይም ፕላስቲክ አለ። ፔዳሉ ሳይረገጥ ዘንጉን ገፍቶ ስለሚይዘው መብራቱ ይጠፋል፤ ሲረገጥ ዘንጉ ይለቀቅና ይበራል። ሲያረጅ እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። ዘንጉ በባዶው ቀዳዳ ይሾልካል፣ መብራቱም ቀን ከሌት ይበራል። ሦስቱም ባለ 21 ዋት አምፖል ከሆኑ በጠቅላላ 63 ዋት ነው፤ በ12 ቮልት 5 አምፔር ገደማ። 10 ሰዓት ካደረ 50 አምፔር ሰዓት ጠጣ ማለት ነው። የትንሽ መኪና ባትሪ ሙሉውም ከዚህ ብዙ አይበልጥም። ሹፌሩም ባትሪ ሲል አልተሳሳተም፤ ያደከመውን ግን አላየም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ማብሪያው እንዲህ ሲሆን ማርሹ ፍሬን ሳይረገጥ ከፒ ሊወጣ ይችላል። ልጆች መኪናው ውስጥ ብቻቸውን አይሁኑ። የእጅ ፍሬንም ሳቢ።

ጠያቂዋ፦
ለካ! ትናንት ስመጣ ፍጥነቱን በራሱ የሚይዘው ክሩዝ ኮንትሮል አልይዝ ብሎኝ ነበር። ከዚህ ጋር ይገናኛል?

ባለ ጋራዡ፦
በደንብ። ፍሬን የተረገጠ ሲመስለው ክሩዙ ይለቃል። አሁን ቅደም ተከተሉን ጠብቂ፤ መጀመሪያ መብራቱ ይጥፋ። ራሱ ሰፊ የሆነ ቡሎን ከወሸር ጋር ቀዳዳው ውስጥ አስገብተሽ ከኋላ በዳዶ አጥብቂው። በማስቲሽ ብቻ እንዳትለጥፊው፤ ወድቆ ፔዳሉ ሥር ቢሰነቀር ጣጣው ሌላ ነው። ይህም ትክክለኛው ላስቲክ እስኪገዛ ብቻ ነው።

ሹፌሩ፦
ከዚያ በገመድ ከሌላ መኪና አስነሺያት። ቀዩ ገመድ መጀመሪያ በሞተው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ጫፉ በደህናው ፖዘቲቭ። ጥቁሩ በደህናው ኔጋቲቭ፣ የመጨረሻው ጫፍ ግን ያንቺ ባትሪ ላይ ሳይሆን ራቅ ባለ ቀለም አልባ የሞተር ብረት ላይ። ባትሪ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል፤ ብልጭታው አጠገቡ ባይሆን ይሻላል። ደህናው መኪና ጥቂት ደቂቃ ይሥራ፣ ከዚያ ሞክሪ። ስትፈቺ ከመጨረሻው ጀምረሽ ወደ ኋላ።

ጀማሪ ነጂ፦
እኔ ደግሞ የተገላቢጦሹን ልጠይቅ። አንዳንዴ ፍሬን እየረገጥኩም ዳሽቦርዱ ብቻ በርቶ ይቀራል። ፔዳሉም ድንጋይ ይሆንብኛል።

ባለ ጋራዡ፦
ሞተሩ ጠፍቶ ደጋግመህ ስትረግጥ ለፍሬኑ የሚያግዘው ቫኪዩም ያልቃል፤ ፔዳሉም ይጠነክራል። ማብሪያው እስኪለቀቅ ድረስ ላይወርድልህ ይችላል። በሙሉ ኃይልህ ረግጠህ ሞክር። ኋላ መብራቱ ጨርሶ ካልበራ የፍሬን መብራቱን ፊውዝ እይ።

ጠያቂዋ፦
ተነስታለች! ቡሎኑን ጎረቤቴ አሰረልኝ፣ መብራቱ ጠፋ፣ በገመድ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሳች። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ 14.2 ያሳያል። አሁን ትንሽ ብነዳት ይበቃል?

ባለ ጋራዡ፦
14.2 ከሆነ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞሽ ደህና ነው። ግን እንዲህ ባዶ የሆነን ባትሪ በአጭር ጉዞ አትሞይውም። ቻርጀር ላይ ቀስ ብሎ ይደር። ነገ ጠዋት ከቻርጀሩ ነቅለሽ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ ለኪው። 12.4 እንኳን ካልያዘ ባትሪው ተጎድቷል፤ ያኔ ስለ መቀየር እናወራለን።