እማዬ ከጡት ካንሰር ኦፕሬሽን በኋላ እጇን አላንቀሳቅስም አለች
ሰላም ናችሁ፣ እማዬ የግራ ጡቷ ወጥቶ ከብብቷም ሊምፍ ኖድ (የሰውነት ፈሳሽ የሚያጣሩ ትንንሽ እጢዎች) ተወስዶ ከወር በላይ ሆናት፣ ከቁስሉ ፈሳሽ የሚያወጣው ቱቦ ተነስቶ ቁስሉም ደርቋል ተመስገን። ዶክተሩ ጣቶችሽን ግድግዳ ላይ እያስወጣሽ ክንድሽን ከፍ አድርጊ ብሏት ነበር፣ እሷ ግን ስፌቱ ይተረተራል ብላ ፈርታ እጇን ነጠላዋ ውስጥ እንዳጠፈች ነው የምትውለው፣ አሁን ትከሻዋ ደርቆ ፀጉሯን እንኳን አባዬ ነው የሚያበጥርላት (ጎንበስ ብሎ ቀስ እያለ ሲፈታላት ብታዩት)። እንጀራውን እህቴ ይዛዋለች፣ ቀጠሮውን እኔ። አብሬያት እየሰራሁም መዝሙር ከፍቼላትም ሞከርኩ፣ ትንሽ ሲወጥራት ትተወዋለች፣ ሊጠይቋት የሚመጡት ደግሞ አርፈሽ ተኚ፣ እጅሽን እንዳታነሺ እያሉ ያስፈሯታል። ክንዷ እንዳያብጥ ሰግተናል። እናንተ ቤት እንዲህ ያጋጠማችሁ፣ እንቅስቃሴውን ሳትፈራ እንድትጀምር ያደረጋችሁት በምን ነበር?