ቴንቢን ማን አዳናት?

የካርዲፍ ልጅ፦ ትናንት እዚሁ ገጽ ላይ ስለ ቴንቢ፣ በደቡብ ምዕራብ ዌልስ ስላለችው የባሕር ዳር ከተማ፣ «ቴንቢን ያዳናት ዊልያም ፓክስተን ነው፤ እሱ ባይኖር ዛሬ ፍርስራሽ ነበረች» ተብሎ ተጽፎ አየሁ። በጣም ነው የተናደድኩት። ሰውየው ሀብት ያካበተው ሕንድ ውስጥ፣ የቤንጋል ከተማ በሆነችው ካልካታ ነው፤ የእንግሊዙ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ አገሩን ይገዛ በነበረበት ዘመን። የቤንጋል ሰው ላብ የባሕር መታጠቢያ ቤት ሆነ። ማዳን ማለት ይሄ ነው?

ሞገድ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እደግመዋለሁ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነትና ከወረርሽኙ በኋላ ወደቡ ሞቶ፣ ቤቱ ፈራርሶ ነበር። ፓክስተን በ1802 ቤትና መሬት መግዛት ጀመረ፤ ለጎብኚ የባሕር ውኃ መታጠቢያ ቤቱን ሠራ፤ ውኃ አስገባ። ሌላ ማን ደረሰላት?

የግንብ ወዳጅ፦ ዶክተር ጆርጅ ቻተርን እንዴት ትረሳዋለህ? የከተማው ምክር ቤት የጥንቱን የከተማ ግንብ አምስት ቅስት ያለውን በር ሊያፈርስ ሲነሳ፣ በ1873 ፍርድ ቤት ሄዶ ያሳገደው እሱ ነው። እንግዳ ሁሉ ፎቶ የሚነሳበት በር ማለት ነው። አዳነ የሚባለው እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ሞገድ፦ ጎብኚ ባይመጣ በሩን ማን ያየው ነበር? ጎብኚውን ደግሞ ያመጣው ፓክስተን ነው።

የግንብ ወዳጅ፦ ለማፍረስ የተነሱትም እኮ በዚያው በጎብኚው ዘመን ነው! ባቡሩ በ1863 ገብቷል። ከቅስቶቹም አብዛኞቹ ለመተላለፊያ ብለው በኋላ የቀደዷቸው ናቸው፤ ቀድሞ እንዲህ አልነበረም።

የሰሜን ዌልስ ነዋሪ፦ ስለ ግንቡ ስትከራከሩ፣ ከማን ለመከላከል እንደተሠራ የሚያነሳ የለም። በ1260 የዌልሱ ልዑል ልወሊን አፕ ግሪፊድ ከተማዋን መታት። ከዚያ በኋላ ነው አካባቢውን በእንግሊዝ ንጉሥ ሥር የያዙት የፔምብሩክ ጌቶች በድንጋይ ያጠሯት። ዌልሶችን ለማስቀረት የቆመ ግንብ የዌልስ ኩራት ሲባል ያመኛል።

የግንብ ወዳጅ፦ የፔምብሩክ መስፍን የነበረው ጃስፐር ቱዶርስ? በ1457 ግንቡን ከፍ ያስደረገው፣ ከግንቡ ውጪ ያለውን የመከላከያ ጉድጓድ ያሰፋው እሱ ነው። አባቱ ዌልሳዊ ነው። በ1471ም የወንድሙን ልጅ ሄንሪን ይዞ በጀልባ ያመለጠው ከቴንቢ ነው። ያ ልጅ በኋላ ሄንሪ ሰባተኛ ተብሎ ንጉሥ ሆነ።

የሰሜን ዌልስ ነዋሪ፦ ንጉሥ የሆነው የእንግሊዝ ነው።

የካርዲፍ ልጅ፦ ወዳጆች፣ ከነገሩ አትውጡ። ያዳናት ማን ነው? እኔ ዓሣ አጥማጆቹን እላለሁ። ዛሬ ልጆቻቸው ከግንቡ ውስጥ ቤት መግዛት አቅቷቸዋል። በብርዱ ወራት ሂዱና መብራት የሌለበትን መስኮት እዩ፤ የዕረፍት ቤት ነው።

ሞገድ፦ ለሱማ ከ2023 ጀምሮ ዌልስ ውስጥ በሁለተኛ ቤት ላይ እስከ 300 በመቶ ተጨማሪ ግብር መጣል ተፈቅዷል። ፓክስተን ምን አገባው?

የካርዲፍ ልጅ፦ ከተማዋን ለእንግዳ መሸጥ የጀመረው እሱ ነዋ!

የግንብ ወዳጅ፦ በሐምሌና ነሐሴ ቀን ቀን መኪና ከግንቡ ውስጥ መከልከሉንም በፓክስተን ላይ ልታላክክ ነው? እኔ እንዲያውም ዓመቱን ሙሉ ቢከለከል ደስ ይለኛል።

ሞገድ፦ ዕቃ የሚያወርደው ባለሱቅስ?