ትንሽ ካራቫን ወይስ ድንኳን? ለነሐሴ እረፍት

የሊድሱ አባት፦
ሰላም ወገኖች። ሦስት ልጆች አሉን። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሆቴል ዋጋ አይቀመስም። ባለቤቴ ያገለገለች ትንሽ ካራቫን (በመኪና የሚጎተት ማደሪያ) እንግዛ ትላለች፤ ዝናቡንም ማብሰሉንም አስባ ነው። እኔ ጥሩ ድንኳን ይበቃናል ባይ ነኝ። እዚሁ እንግሊዝ፣ ዊትቢና ስካርቦሮ አካባቢ፣ ባሕሩ ዳር ነው ያሰብነው። መኪናችን የቆየች ፕሪየስ ናት፣ ታክሲ እሠራባታለሁ። የሞከራችሁ ምከሩን።

ሸፊልድ ያለሁት፦
ድንኳን። ግን ርካሹን አትግዙ። ጨርቁ ስንት ሚሊሜትር ውኃ እንደሚችል ተጽፎበታል፤ 3,000 እና ከዚያ በላይ ያለውን ፈልጉ። «የስድስት ሰው» የሚባለው ስድስት ሰው ትከሻ ለትከሻ ሲተኛ ነው። ለአምስት ሰው ከነሻንጣው የስምንቱን ውሰዱ። ብርዱ ከመሬት ነው የሚመጣው፤ ከብርድ ልብሱ ይልቅ ለፍራሹ ገንዘብ አውጡ።

መካኒኩ፣ በርሚንግሃም፦
ቆይ፣ መጀመሪያ መኪናው ይታይ። መንጃ ፈቃዱ ችግር የለውም። ከፈረንጆቹ 1997 ወዲህ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው ለከባድ ተጎታች ሌላ ፈተና ነበረበት፤ ከዲሴምበር 2021 ጀምሮ ቀርቷል። አሁን በተራው ፈቃድ እስከ 3,500 ኪሎ መጎተት ይቻላል። ሕጉ ፈቀደ ማለት ግን መኪናው ይችላል ማለት አይደለም። በሩ ጋ ወይም ከኮፈኑ ሥር ክብደት የተጻፈበት ትንሽ ሰሌዳ አለ። የመኪናውና የተጎታቹ ድምር ክብደት ካልተጻፈበት ያ መኪና አይጎትትም፣ አለቀ። የቆዩ ፕሪየሶች ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው። መንጠቆ የሚገጥምልህ ሰው አይጠፋም፤ አደጋ ሲደርስ ግን ኢንሹራንሱ ዞር ብሎ አያይህም።
የሚጎትት መኪና ካለህም ለጀማሪ ካራቫኑ ከነዕቃው ከመኪናው ክብደት 85 በመቶ ባይበልጥ ይመከራል። እየጎተትክ ሞተርዌይ (ፈጣኑ አውራ ጎዳና) ላይ በሰዓት ከ60 ማይል በላይ የለም፤ ሦስት መስመር ባለበት የቀኝ ዳሩ አይፈቀድም። ደግሞስ የት ታቆመዋለህ? በአዳዲስ ሰፈሮች ደጅ ላይ ካራቫን ማቆም የሚከለክል የቤት ውል አለ። ያገለገለ ስትገዛ ማዕዘኖቹን በእጅህ ጫን ጫን አድርግ። ከለሰለሰ እርጥበት ገብቶታል፣ ጥለኸው ሂድ።

የለንደኗ እናት፦
ልጆቼ፣ ነሐሴ እኮ ፍልሰታ ነው። ሽሮዬን ይዤ ነው የምሄደው። ካራቫን ይሻላል፤ ዝናብ ቢመጣ ቁጭ ብሎ ቡና ይፈላል። ከሰልና ጀበና ካለ ምን ጎደለ!

ነርሷ፦
እትዬ፣ በማርያም ከሰል እንዳያስገቡ! ድንኳንም ካራቫንም ውስጥ። ጭሱ ቢጠፋም ፍሙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታ የለውም፣ ተኝተው ሳሉ ይገድላል። ቡናው ውጭ ይፈላ።

ሸፊልድ ያለሁት፦
ምጣድም የምትይዙ ተጠንቀቁ። የካምፑ መብራት 10 አምፒር ከሆነ 2,300 ዋት ያህል ነው፤ የቤት ምጣድ ሲሰካ ይዘጋባችኋል። እንጀራ ጋግራችሁ ሂዱ።

በካሌ ያለፍኩ፦
እናንተ ተዝናኑ። እኔ ያ ፈረንሳይ፣ ካሌ ያለው «ጫካ» የሚባለው የስደተኞች ሰፈር በፈረንጆቹ 2016 ከመፍረሱ በፊት ክረምቱን በድንኳን ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ጭቃው፣ አይጡ፣ ሌሊት የፖሊስ መብራት። ከፍዬ ድንኳን አልገባም። ደግሞ ለካራቫን የሚሆን ሺህ ፓውንድ ያለው ሰው አገር ቤት ስንቱን ያቆም ነበር።

ነርሷ፦
ወንድሜ፣ ያየኸውን አይተሃል፣ አልከራከርህም። ልጆቹ ግን ያንን አያውቁም፣ ለእነሱ ጨዋታ ነው። ስለ አገር ቤቱ ደግሞ ተወን። በወር በወሩ እልካለሁ። አምና እዚህ ባሕሩ ዳርቻ የተነሳነውን ፎቶ በለጠፍኩ ማግስት የአጎቴ ልጅ የቆርቆሮ መግዣ ብሎ ደወለ። የእረፍት ፎቶ መለጠፍ ትቻለሁ።

በካሌ ያለፍኩ፦
ቆርቆሮ ጠየቀሽ እንጂ ካራቫን አልጠየቀሽም።

ነርሷ፦
ሌሊት ተረኛ ሆኜ የማገኘው ነው። ልጆቼ እናታቸውን የሚያዩት በእረፍት ብቻ ነው፤ ይህንንም ልላከው?

የለንደኗ እናት፦
ተዉ፣ አትጨቃጨቁ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ።

መካኒኩ፣ በርሚንግሃም፦
እትዬ፣ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ አይችሉም። የሊድሱ፣ የመኪናውን ሰሌዳ፣ ክብደት የተጻፈበትን፣ አየኸው?

የሊድሱ አባት፦
አየሁት። የድምር ክብደት የለበትም። ለባለቤቴ ነገርኳት፤ «እንግዲያ መኪናውን ቀይረው» አለች።

በካሌ ያለፍኩ፦
ይኸው! ለመኪና መቀየሪያም አለ ማለት ነው።

ነርሷ፦
አንተ ደግሞ የሰው ኪስ መቁጠር መቼ ነው የምትተወው?